ባለ ቀለበቷ ወፍ

አቶ ኃይለኢየሱስ ከቡና ማጠቢያው ፍሳሽ ኩሬ ዳር፣ የእንሰት ቅጠል በተነጠፈበት ላይ ቆመው አፍንጫቸውን በመሐረብ ይዘዋል። በእሸት ቡና ወቅት የዚያ ኩሬ ሽታ ከዲላ የመጣን ሚኒባስ ወናጎ ሳይገባ ፊቱን ያዞረዋል፤ ያላመነ ሾፌሮቹን ይጠይቅ። ከጎናቸው ይርጉ አለ። ሙሽራ የሚያስመስል ሙሉ ልብስ ለብሷል፤ ዓይኑ ግን ከውሃው አይነቀልም።

«የታለች ታዲያ?» አሉ አቶ ኃይለኢየሱስ።

«የቁርስ ሰዓቷ ነው ጋሼ፤ አሁን ከተፍ ትላለች።»

ነገሩ የተጀመረው እሑድ ነው። ይርጉ የማጠቢያው ሠራተኛ ነው፤ የማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣውን ቡና ሲያገላብጥ ይውላል፣ ከቡናው ጋር ወሬውንም። በወናጎ የታወቀው ግን በእጁ ሥራ አይደለም። ባጃጅን በእግሩ ሮጦ የቀደመ፣ በጓሮው በበቀለ አንድ የእንሰት ቅጠል መላውን ቀበሌ ከዝናብ ያስጠለለ እሱ ነው፤ ራሱ እንደሚያወራው። የባለሱቁን የአቶ ኃይለኢየሱስን ልጅ የትምወርቅን ሽማግሌ ልኮ ሲያስጠይቅ፣ ባለሱቁ ሽማግሌዎቹን በክብር ተቀብለው አስቀመጡና እንዲህ አሉ፦

«ልጁ ሥራ ወዳድ ነው፤ ልጄም ወዳዋለች። ለውሸታም ግን አልሰጥም። ከሚያወራው አንዷን እንኳ በዓይኔ ልይና እንነጋገራለን። ካላየሁ ለዚህ ጉዳይ ደጄን እንዳትረግጡ።»

ቀላል እውነት ሞልቶ ነበር። ይርጉን ኩራቱ እንቢ አለውና ከሚያውቃቸው እውነቶች ሁሉ ውሸት የምትመስለውን መረጠ። ክረምት ሲወጣ ከበረዶ አገር ተነስታ፣ ባሕርና በረሃ አቋርጣ እዚህ ፍሳሽ ዳር የምታርፍ ወፍ አለች፤ ክብደቷ ግማሽ ሳሙና አይሞላም፤ እግሯ ላይ ቀለበት አለ። ቀለበቱን እዚያው አገሯ እንዳሰሩላት ዓምና በዚህ ያለፈ አንድ የወፍ አጥኚ ነግሮታል።

ይህችን ወፍ ይርጉ አጋንኖ አውርቷት አያውቅም። ጠዋት ጠዋት ቡናው ጋ ከመሄዱ በፊት ኩሬው ዳር ቁጢጥ ብሎ ያያታል። ጀርባዋ ቡኒ፣ ሆዷ ነጭ ነው። ጭቃ ጭቃውን እየሮጠች ትል ትለቅማለች፤ ቆም ስትል ደግሞ ጅራቷ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ወሬ ይዞ መቀመጥ እንዳቃተው ሰው። ያን ሁሉ አገር ከላይ ሆና አይታ፣ አንድም ሳትናገር ትከርማለች። በዚህ ይቀናባታል።

ዛሬ ግን የለችም። ፀሐይዋ ከፍ አለች። አብረዋቸው የመጡት አንዱ ሽማግሌ፣ አቶ እንድርያስ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ምናልባት ቪዛዋ ተቃጥሎባት ይሆናል ልጄ።»

አቶ ኃይለኢየሱስ አልሳቁም። ለመሄድ ዞር ሲሉ ጫማቸውን አዩ። «ጭቃ እንኳ አልነካኝም። ይህን ሁሉ ቅጠል ማን አነጠፈው?»

«እኔ ነኝ። እንግዳ ጭቃ ከሚረግጥ ብዬ፣ ትናንት ዳሩን በሙሉ…»

አልጨረሰውም። ዳሩን በሙሉ። ወፏ ከበረዶ አገር ድረስ የምትመጣው ለዚያ ጭቃ ነው። ለአንዱ እንግዳ ሲያነጥፍ የሌላዋን ገበታ ሸፍኖባታል።

ኮቱን ሳያወልቅ ገባ። ቅጠሉን በሁለት እጁ እየገፈፈ ወደ ኋላው ይወረውር ጀመር። ጭቃው ሙሉ ልብሱን እስከ ጉልበቱ ዋጠው። አቶ ኃይለኢየሱስ የቆሙበት ቅጠል ከሥራቸው ሲሳብ ወደ ሣሩ ዘለሉ።

«ምን ነካህ አንተ?»

«ምግቧን ነው የሸፈንኩባት ጋሼ።»

ዳሩ ሲገለጥ ሦስቱም ፈቀቅ ብለው ከቡናው አልጋ ጀርባ ተቀመጡ። አቶ ኃይለኢየሱስ ሳያስቡት ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አሁን ትመጣለች?»

ይርጉ አፉን ከፈተ። መልሱ ምላሱ ላይ ተሰልፎ ነበር፤ ሱዳን ስትደርስ መልእክት እንደላከችለት፣ ነፋስ ስለያዛት ይቅርታ እንደጠየቀች። ወንዝ የሚያህል ወሬ ነበረው። የረጠበ ሱሪውን አየ።

«እኔ እንጃ» አለ።

አቶ ኃይለኢየሱስ ዞር ብለው ዛሬ ገና እንዳገኙት ሰው አዩት።

ከዚያ ከውሃው ማዶ ቀጭን ፉጨት ተሰማ። ወፏ ክንፏን አንቀጥቅጣ፣ ዘርጋ አድርጋ፣ ውሃውን ልትነካ ምንም ሳይቀራት መጣችና ጭቃው ላይ አረፈች። ሮጠች። ቆመች። ጅራቷ ከፍ ዝቅ አለ፤ በቀጭኑ እግሯ ላይ አንዲት ብረት ፀሐይ መታት።

ሦስቱም አንገታቸውን ከአልጋው በላይ አሰገጉ።

«እሷ እንኳ ቀለበት አስራለች» አሉ አቶ ኃይለኢየሱስ በመጨረሻ። አቶ እንድርያስ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት።

ባለሱቁ ስልካቸውን አውጥተው ደወሉ። «የትምወርቅ፣ አየኋት። አዎ፣ ባለ ቀለበቷን። ምን ትንሽ ትይኛለሽ፣ ዶሮ ታህላለች። ገና እንዳየችኝ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳችኝ፤ አንዴም አይደል፣ ደጋግማ እንጂ። ቀለበቷማ ወርቅ ነው።»

ይርጉ ሊያርማቸው አፉን ከፈተ። ከዚያ መልሶ ዘጋውና የሱሪውን ጭቃ በቅጠል ይጠርግ ጀመር።

ወፏ ቀና ብላ አንድ ጊዜ አየቻቸው፤ ወደ ትሏም ተመለሰች።