ከንግድ ፈቃዷ ጎን

ሔራን ከጽሕፈት ሱቄ ፊት ለፊት የራሷን ሱቅ ከከፈተች ወዲህ ደንበኞቼ አስፋልቱን እየተሻገሩ ወደሷ ነጎዱ። ይባስ ብላ ሌላ ድርጅት ተጠቅሞ የሸጠውን የሶፍትዌር ፈቃድ በግማሽ ዋጋ ገዛችና ሶፍትዌሩን የሚያስከፍተውን ቁጥር እንኳ ሳትሸፍን ወረቀቱን ከንግድ ፈቃዷ ጎን ሰቀለችው!

«ፈቃድ እንደ ሰልባጅ ይሸጣል? የተሰረቀ ነው!» እያልኩ ቆቦ ከተማን አዳረስኩ። ደንበኛዬ መምህር አላምረው ብቻ አላመኑኝም።

ቅናቱ አላስቀምጥ ቢለኝ ቁጥሩን በስልኬ አንስቼ በራሴ ኮምፒውተር ሞከርኩት። ለኔም ከሠራ ውሸቷ ይጋለጣል፤ እኔም ፈቃድ ከመግዛት እገላገላለሁ። ስክሪኑ ግን «ይህ ፈቃድ በሔራን ጽሕፈት ሱቅ ስም የተመዘገበ ነው» አለኝ።

ፈተና ሊያስጽፉ የመጡት መምህር አላምረው ከኋላዬ ቆመው አነበቡት።

«የተሰረቀ ነው ያልሽው እውነትሽን ነው» አሉኝ። «ሌባዋን ብቻ ነው ያልነገርሽን።»