ጠበል የነካው ኮምፒውተር

ዕቃ ጠጋኝ ችኩል መሆን የለበትም ይባላል። እኔ፣ ምናለ የሚሉኝ፣ ግን ችኩል ነኝ። ሃያ ዓመት ሬዲዮና ቴፕ ስጠግን እጄ ትዕግሥት ለመደ፤ አፌ ግን አልለመደም። ሚስቴ ውባንቺ «አንተ ሳትጠየቅ ትመልሳለህ» ትለኛለች፤ እውነቷን ነው። ይህ ሁሉ ጣጣ የመጣው ከዚያው ከአፌ ነው።

ሚሊኒየሙ ሊገባ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ነበር። ይማርሽ ወደ ገበያው መውረጃ ላይ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ማመልከቻና ውል በታይፕ እየጻፈች ሁለት ልጆች የምታሳድግ ሴት ናት። ባሏ ከሞተ አራት ዓመት ሆኖታል። ታይፑ አርጅቶ ባለጉዳይ እየሸሻት ሳለ፣ ባለፈው ገና ሆቴሉ ሁሉ ሞልቶባት እሷ ቤት ያደረች አንዲት አሜሪካዊት ውለታዋን ሳትረሳ ኮምፒውተር ላከችላት። ይማርሽ ካርቶኑን ስታይ መጀመሪያ ያደረገችው ነገር ቁጭ ብሎ ማልቀስ ነው።

ዕቃውን እንድፈትሸው ለእኔ ሰጠችኝ። ያን ሰሞን ሱቄ ውስጥ አንድ ሆቴል ለፈረንጆቹ የሚያስቀምጠው፣ የእኛን መብራት ወደ አሜሪካ መብራት የሚያወርድ ትራንስፎርመር ለጥገና መጥቶ ነበር። ከራሱ አገር መብራት ጋር ላገናኘው ብዬ ኮምፒውተሩን በዚያ ሰክቼ ሞከርኩት። ምንም እንከን የለውም። «እንደ ሙሽራ ተቀበይው» ብዬ አስረከብኳት።

እኛ ዘንድ አዲስ ቤት፣ አዲስ በሬ፣ አዲስ ወፍጮ ሳይባረክ አይጀመርም። ይማርሽም መምሬ ኢያቄምን ጠራች። መምሬ የእሷም የእኔም የነፍስ አባት ናቸው፤ እኔን በልጅነቴ ያቆረቡኝ እሳቸው ናቸው። ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው ከነአኩቶ ለአብ ዋሻ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ከሚንጠባጠበው ጠበል በጠርሙስ ይዘው መጡ። ጎረቤቱ ክፍሏን ሞላ። መምሬ ጸልየው ሲያበቁ ግድግዳውን ረጩ፣ ጠረጴዛውን ረጩ፣ እኛን ረጩ፣ በመጨረሻም ኮምፒውተሩን። ከዚያ ይማርሽ አማትባ ማብሪያውን ተጫነችው።

ጧ አለ። ከጀርባው ነጭ ጭስ ወጣና የቤቱ መብራት ድርግም ብሎ ጠፋ።

በዚያ ጨለማ መጀመሪያ የተናገርኩት እኔ ነኝ። «መምሬ፣ ውሃና መብራት ምን አገናኛቸው? የዚችን የሙት ልጆች እናት እንጀራ አቃጠሉባት እኮ!» አልኩ፤ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ። መምሬ በበሩ በሚገባው ብርሃን ቀኝ እጃቸውን ገልበጥ አድርገው አዩት፣ ጠርሙሱን ከደኑና አንገታቸውን ደፍተው ወጡ።

ወሬ እግር የለውም ግን ይሮጣል። ገሚሱ ጠበሉ የፈረንጅ ዕቃ አልቀበል አለ አለ። ገሚሱ ይማርሽ ያልተናዘዘችው ኃጢአት ቢኖር ነው አለ። ከሁሉ የባሰው ግን ራሳቸው መምሬ ያሉት ነው። የወሩ ማርያም ቅዳሴ ላይ ከቤተ መቅደሱ ሳይገቡ፣ ከውጭ አለቱ ጥግ ከምእመኑ ጋር ቆመው አስቀደሱ። ለምን ሲባሉ፣ እጄ የነካው ነገር ነደደ፤ በዚህ እጅ እንዴት መሥዋዕት እይዛለሁ አሉ። በማግስቱ ትንሽ ጥሬ ቋጥረው ነአኩቶ ለአብ ሰባት ቀን ሱባዔ ሊይዙ ወረዱ። በሰባቱ ቀን ምልክት ካላየሁ ከእንግዲህ አልቀድስም ብለዋል ተባለ። አርባ ዓመት ቀድሰዋል።

እኔ ይህን ስሰማ ምን አልኩ መሰላችሁ? «ይጹሙ፤ ለሌላ ጊዜ ይማሩበታል» አልኩ። ውባንቺ ዞር ብላ አየችኝና ወጣች።

የተቃጠለው መብራቱ የሚገባበት ክፍል፣ ፓወር ሰፕላይ የሚሉት የብረት ሳጥን ነበር። መምሬ በወረዱ ዕለት ፈትቼ አወጣሁትና ውሃ የገባበት ዕቃ ሳይደርቅ አይነካም ብዬ አራት ቀን ሙሉ ደጅ ፀሐይ ላይ አስቀመጥኩት። ውሃ መግባቱን ማን ነገረህ ያለኝ የለም። እኔም ራሴን አልጠየቅሁም።

በአምስተኛው ቀን ክዳኑን ከፈትኩ። ፊውዙ ጠቁሯል። መብራት የሚያጠራቅሙት ሁለቱ ትልልቅ ካፓሲተሮች አናታቸው ተነፍቶ ፈንድቷል። ነገር ግን ውሃ የነካ ዕቃ ምልክት አለው፤ አቧራው ይጋገራል፣ ብረቱ ይዝጋል። ይህኛው ውስጥ ያለው አቧራ እንደ ጤፍ ዱቄት ነበር፤ እፍ ስለው በነነ። አንዲት ጠብታ አልነካችውም። ያን ጊዜ ሳጥኑን ገልብጬ ጀርባውን አየሁ።

ገመዱ ከሚሰካበት አጠገብ አንዲት ቀይ መቀየሪያ አለች፤ የጥፍር ታህል። ሳጥኑ የአሜሪካን መብራት እንዲበላ ከሆነ 115፣ እጥፍ የሆነውን የእኛን ከሆነ 230 ታሳያለች። በትራንስፎርመሩ የሞከርኩ ዕለት አይቻታለሁ። ሳስረክብ አዞራታለሁ ብዬ ነበር። አሁንም 115 ትላለች።

እውነቱን ልናገር፤ መጀመሪያ ያሰብኩት ዝም ማለትን ነው። በጥፍሬ ገፋ ባደርጋት አለቀ፤ እግዜርና እኔ ብቻ ነን የምናውቀው። አውራ ጣቴን ጭኜባትም ነበር። ከዚያ መምሬ እጃቸውን ገልብጠው ሲያዩ ትዝ አሉኝ። ለሰባቱ ቀን ሁለት ይቀራል።

ሥራውን ጀመርኩ። ከሆቴሉ የተጣለ ሌላ የሞተ ፓወር ሰፕላይ ነበረኝ፤ የሞተው ማራገቢያው፣ ቬንትሌተሩ ነው እንጂ ካፓሲተሮቹ ደህና ናቸው። ነቅዬ በየድኳቸው፣ ፊውዝ ቀየርኩ፣ ከፊውዙ ኋላ የነደደችውንም፣ ትርፍ መብራት የምትገታውን ክብ ዕቃ ተካሁ። ቀይዋን መቀየሪያ ወደ እኛ መብራት አዞርኩና፣ እንደ ልማዴ መስመሩን በአንድ ባለመቶ ዋት አምፖል በኩል አሳልፌ ሰካሁት። አምፖሉ ደምቆ ከቀረ ውስጡ ገና ታሟል፤ ብልጭ ብሎ ከደበዘዘ ድኗል። ብልጭ ብሎ ደበዘዘ። ያለ ኮምፒውተሩ እንዲነሣ አረንጓዴውን ሽቦ ከጥቁሩ ጋር ሳገናኘው ቬንትሌተሩ መዞር ጀመረ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እዘፍን ነበር።

ከዚያ ነቀልኩት፤ መቀየሪያዋንም መምሬ በዓይናቸው እንዲያዩ ወዳገኘኋት ወደ 115 መለስኳት። ሳጥኑን በነጠላዬ ጠቅልዬ በእግሬ ወደ ነአኩቶ ለአብ ወረድኩ። አንድ ባጃጅ ቆሞ ግባ አለኝ፤ እምቢ አልኩ። በእግር መሄድ ያለብኝ መስሎ ተሰማኝ።

መምሬ ከዋሻው ሥር፣ ውሃው ከጣሪያው ጠብ ጠብ ከሚልበት ከተቦረቦረው ድንጋይ አጠገብ ተቀምጠዋል። ከንፈራቸው ደርቋል። ተንበርክኬ ይፍቱኝ አልኳቸው።

«ዛሬ የምፈታ ሰው አይደለሁም፣ ምናለ» አሉኝ።

እንግዲያው ይስሙኝ ብዬ ሳጥኑን ከፊታቸው አስቀመጥኩ። አቧራው እንዴት ደረቅ እንደነበር፣ መቀየሪያዋ ምን እንደምትሠራ፣ እኔ እንዴት እንደረሳኋት፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አውጥተው ቁጥሩን አንድ በአንድ አነበቡ።

«ይቺው ናት?» አሉ።

«ይቺው ናት። ጠበሉ አልነካውም፣ መምሬ። ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። እርስዎንም በሰው ፊት ያዋረድኩዎት እኔ ነኝ።»

ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር። እሳቸው ግን ይማርሽ ሰምታለች ወይ ብለው ጠየቁኝ። አልሰማችም አልኳቸው። ዛሬውኑ ሄደህ ንገራት፤ ኃጢአቷ ነው ሲሏት እኔ ፊት አልቅሳለች አሉኝ። እሺ ብዬ፣ አሁን እርስዎም ይነሡ፣ አብረን እንግባ፣ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም አልኳቸው።

«ሁለት ቀን ይቀረኛል» አሉ።

«ለምን ብለው? ምልክቱን አዩ እኮ።»

መቀየሪያዋን በአውራ ጣታቸው ቀስ አድርገው ገፏት። ቀጭ ብላ 230 ላይ ገባች። «ያለፈውን ለራሴ ጾምኩት» አሉ። «የቀረውን ላንተ እይዘዋለሁ።»

ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጥዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ያን ቀን ሳይመሽ ይማርሽ ክፍል ገብቼ፣ ባለጉዳዮቹና ጎረቤቶቿ ቆመው ሳለ ጥፋቱ የእኔ ነው አልኩ። ወሬውን ያስነሣሁት እኔ ስለሆንኩ ማስተባበሉም የእኔ ነው አልኩ። ይማርሽ አየችኝና «እኔ እኮ የማላውቀውን ኃጢአት ስፈልግ ነው የከረምኩት» አለች። ከዚያ በላይ አልወቀሰችኝም፤ እሱ ይበቃኝ ነበር። ቤት ገብቼ ውባንቺ ራት ስታቀርብ እጄ ወደ ሞሰቡ አልሄድ አለ። በማግስቱም፣ በሳልስቱም እንዲሁ። ውባንቺ ገብቷታል፤ ውሃና ጥቂት ጥሬ አስቀመጠችልኝ።

ሱባዔው በተፈጸመ ማግስት መምሬ ከስተው፣ ጠርሙሳቸውን ይዘው ከይማርሽ ደጅ ደረሱ። ያው ጎረቤት ሁሉ ተሰበሰበ። እኔም ሳጥኑን ኮምፒውተሩ ውስጥ መልሼ ገጥሜዋለሁ። መምሬ ከጸሎቱ በፊት ምርኩዛቸውን ለእኔ አስይዘው ከጠረጴዛው ጀርባ ጎንበስ አሉና መነጽራቸውን አስተካክለው አነበቡ። «ሁለት፣ ሦስት፣ ባዶ» አሉ። ሰዉ ሳቀ። ገመዱ እንደተነቀለ ጸለዩ፤ ሁሉን ረጩ። ኮምፒውተሩንም ሳይፈሩ ረጩት፤ እኔም አልከለከልኳቸውም። ጨርቅ አሳልፌበት ሰካሁትና ይማርሽ ተጫነችው። ቬንትሌተሩ ተነሣ፣ ስክሪኑ በራ፣ ዕልልታው ቤቱን አናጋው።

መምሬ ግን ወደ ኮምፒውተሩ አላዩም። እኔን ነበር የሚያዩት።

«ምሳ በልተሃል?» አሉኝ።

«አልበላሁም፣ መምሬ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

መሬት መሬት አየሁ። እሳቸውም ይማርሽን ውሃ አምጪ አሏት፤ እጃችንን ታጥበን አንድ ገበታ ላይ ተቀመጥን። መምሬ ባረኩና፣ ያንኑ በሰው ፊት ያሳፈርኩትን እጅ ሰደው የመጀመሪያውን ቆርሰው ለእኔ ሰጡኝ።