የገብሱ ዘፈን

ሹፌሩ ይሄነው ፍላሹን ሲሰካ ፈይዛ የሚኒባሱን መስኮት ለመዝጋት እየታገለች ነበር። ኪቦርዱ ሦስት ጊዜ መታና የራሷ ድምፅ ከጣሪያው ስፒከር አናቷ ላይ ወረደ። እጇ መስኮቱ ላይ እንዳለ ቀረ።

«ጨምረው እንጂ ይሄነው!» አለ ከጋቢና አንዱ።

ከመካነ ሰላም ወደ አቀስታ የሚሄደው ሚኒባስ ሞልቶ ትርፍም ጭኗል። ፈይዛ የጤና ጣቢያው አዋላጅ ነርስ ናት፤ ለሁለት ቀን ሥልጠና ነው የምትሄደው። ይህ እውነት ነው። ለአለቃዋ ያልነገረችው የጤና ጣቢያው መኪና እያለላት «ሚኒባስ ይሻለኛል» ያለችበትን ምክንያት ነው። ይሄነው ዘፈኑን በየጉዞው እንደሚያጫውት ሰምታለች። ሰው ምን እንደሚል በገዛ ጆሮዋ መስማት አማራት። ኮሜንት አንብባ አልጠገበችም፤ ኮሜንት ላይ ሰው ቀይ ልብ ይልካል እንጂ ፊቱን አያሳይም።

ዘፈኑን የቀዳችው ከጠልሐ ፎቶ ቤት ጓሮ፣ ግድግዳዋ በስፖንጅ ፍራሽ በተሸፈነች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ጠልሐ «ስቱዲዮዬ» ይላታል። ጎረቤቱ ወፍጮ ቤት ስለሆነ የሚቀዳው ወፍጮው ለምሳ ሲቆም ብቻ ነው። ፈይዛ በአንዲት የምሳ ሰዓት ዘጠኝ ጊዜ ዘፈነች፤ ዘጠነኛውን ጨርሳ ላቧን ሳትጠርግ ወፍጮው ተነሳ። ግጥሙም ዜማውም የራሷ ነው። ዩቲዩብ ላይ ሲወጣ ግን ስሟም ፎቶዋም የለም። ያለው የደመና ፎቶና «የመካነ ሰላሟ» የሚል ጽሑፍ ብቻ ነው።

ምክንያቱ አባቷ ናቸው። ሸህ ኑርሁሴን ሠላሳ የሚሆኑ ልጆችን ቤታቸው ቁርኣን ያቀራሉ፤ ዕድሜያቸውን የሰጡት ለዚሁ ነው። «የሸሁ ልጅ ዘፋኝ ወጣች» ከተባለ ልጁን የሚያስቀር ወላጅ አይጠፋም። ፈይዛ አባቷን ትወዳቸዋለች፤ በእሷ ሰበብ አንገታቸውን ሲደፉ ማየት አትፈልግም። ጠልሐ ደግሞ ዛሬ ጠዋትም አልተዋትም፤ «አርባ ሺህ ሰው አይቶታል። ሁሉም ማን ናት እያለ ነው። ስምሽን ልጻፈው ወይስ ይቅር? ቁርጡን ንገሪኝ» ብሎ ጽፎላታል። ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ነው የተሳፈረችው።

«ይቺ ልጅ የደጎሎ ናት» አለ ከኋላ ወንበር አስናቀው። የመካነ ሰላም ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ ጨርቁን በሜትር፣ ወሬውን በጣቃ ይሸጣል እየተባለ ይታማል። «የአክስቷን ልጅ አውቀዋለሁ።»

«የመካነ ሰላሟ ይላል እኮ!» አለ ይሄነው በመስታወቱ እያየው።

«እሱ ለማሳሳት ነው። ከአንድ ልብስ ሰፊ ጋር ታጭታ ተጣልታለች። ስሟን የደበቀችው ለዚያ ነው።»

ፈይዛ ለአቧራው ባደረገችው ማስክ ውስጥ ሳቋን ዋጠች። ታጭታ እንደነበር በዚሁ አወቀች።

«ማንም ትሁን፣ ድምጿ አንጀት ይበላል» አለ የጋቢናው ሰውዬ። ፈይዛ ደስ አላት፤ እንደ ልጅ ደስ አላት። ዘፈኑም እሷ ከሁሉ ወደምትወደው ስንኝ ደረሰ፦

*ስንዴው ደረሰና ገብሱ ዘገየብኝ፣*
*እንደ ገብሱ ሆነህ አንተም ቆየህብኝ።*

አጠገቧ የተቀመጡት ሴትዮ ከት ብለው ሳቁ። ከገበያ የገዙትን አዲስ ማረሻ በማዳበሪያ ጠቅልለው ግማሹን እሳቸው ጭን፣ ግማሹን ፈይዛ ጭን ላይ አጋድመውታል። ሲሳፈሩ በዛች እንደሚባሉ፣ አገራቸውም አቀስታ አጠገብ እንደሆነ ነግረዋታል።

«ምን አሳቀዎት እማማ?» አለች ፈይዛ።

«ስንዴ ደርሶ ገብስ ዘገየ? ኧረ በሞቴ! የት አገር ነው ገብስ ስንዴን ቆሞ የሚጠብቅ? እስቲ እይው ልጄ!» በመስኮቱ አሳዩአት። ወሩ ኅዳር ነው። የገብሱ ማሳ ታጭዶ ነዶው ተከምሯል፤ ስንዴው ገና እንደቆመ ቢጫ ሆኖ ይወዛወዛል። ፈይዛ ይህን ማሳ ስታየው አድጋለች፤ አይታው ግን አታውቅም።

ሚኒባሱ በአንድ እግሩ ቆመ።

«ስንት ጊዜ አጫወትኩት፣ አንድም ቀን ልብ አላልኩትም!» አለ ይሄነው።

«እኔ ነጋዴ ነኝ» አለ አስናቀው፣ «ማሳ ውስጥ ገብቼ አላውቅም። ገበያ ላይ ግን ቀድሞ የሚመጣው ገብስ ነው።»

«የከተማ ልጅ ናት በሏት!» አለ የጋቢናው ሰውዬ። «ገብስን የምታውቀው በሶ ሆኖ ነው።»

ሁሉም ሳቁ። የፈይዛ ጆሮ ጋለ። አርባ ሺህ ሰው! ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይህ ነው፤ ከዱቄት መደብር ዱቄት ገዝታ የምትበላን ልጅ ማን ማሳ ውስጥ ግቢ አላት?

«ቤት እንዲመታላት ብላ ይሆናላ እማማ» አለች ቀስ ብላ።

«እና ቤት እንዲመታ ተብሎ እህል ይገለበጣል? እውነቱስ ቤት አይመታም?» ወይዘሮ በዛች ማረሻውን በጣታቸው ኳ ኳ እያደረጉ፣ ዘፈኑን ተከትለው፣ በዚያው ዜማ አሉት፦

*ገብሱ ታጭዶ ገባ ስንዴውም ደረሰ፣*
*ያንተስ ምን እህል ነው ዓመት የጨረሰ?*

ይሄነው ድምፁን ቀነሰው። «ይድገሙት በነብዩ!» ተባለ። ደገሙት። ሰው አጨበጨበ።

ፈይዛን መጀመሪያ የተሰማት ቅናት ነው። አራት ወር የለፋችበትን ስንኝ ሴትዮዋ በአንድ ትንፋሽ ጣሉት። የእሷ ግጥም ይለምናል፤ የእሳቸው እየወደደ ይቆጣል። ወዲያው ቅናቱ ለቀቃትና ሌላ ነገር ያዛት፤ ይህ ስንኝ ከየት እንደመጣ የማወቅ ጉጉት።

«አሁን ነው የገጠሙት?»

«ኤዲያ፣ የድሮ ነው። ባሌ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ወርዶ ዓመት ቀረብኝ። ሲመጣ የምሰድበውን ሳጠራቅም ግጥም ሆኖ ወጣ። በሩ ላይ ቆሜ አልኩት። ሳቀ። ከዚያ ወዲያ አጨዳ የሚባል ነገር አላነሳም።»

ፈይዛ ስልኳን አውጥታ ስንኙን መጻፍ ጀመረች። «ምን እህል ነው» ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። ማንም አያውቅባትም፤ ስትመለስ ጠልሐ ይቀዳዋል፣ ደመናው ሥር ይወጣል፣ አለቀ። ይህ ግን ስርቆት ነው። አጠፋችው።

«ለዘፋኟ ቢሰጧትስ እማማ?»

«ትጠይቀኛ! እኔ ሳላውቀው እንቁላል እንኳ የማበድረው ሰው የለም። ወስዳ ልዝፈነው ካለች በዛች ሰጠችኝ ትበል፤ እሷም የማን ልጅ እንደሆነች ትናገር። ስሙን የደበቀ ሰው የሰው ቃል ይዞ ምን ያደርጋል?»

አቀስታ ደረሱ። ይሄነው መናኸሪያው ውስጥ አቆመ፤ ሰው ዕቃውን መሰብሰብ ጀመረ። ወይዘሮ በዛች ማረሻቸውን ሊያነሱ ሲሉ ፈይዛ በሁለት እጇ ያዘችው።

«የኔ ነው» አለች።

«ማረሻው?»

«ዘፈኑ።»

የሚወርደው ሁሉ ባለበት ቆመ። አስናቀው ከኋላ አንገቱን አሰገገ። ወይዘሮ በዛች አልደነገጡም፤ ማስኩ በሸፈነው ፊቷ ላይ ዓይናቸውን ተክለው፣

«የማን ልጅ ነሽ?» አሏት።

ፈይዛ ማስኩን ዝቅ አደረገች። የደጎሎ ነኝ ብትል የሚመሰክርላት እንኳ ከኋላዋ አለ።

«የሸህ ኑርሁሴን። ፈይዛ ኑርሁሴን እባላለሁ።»

«የሸህ ኑርሁሴን!» አለ አስናቀው። ቀድሟት ዘሎ ወረደ፤ ስልኩን እየጎረጎረ ወደ ግንቡ ጥግ ሄደ።

ወይዘሮ በዛች በዓይናቸው ሸኙትና ዞሩ። «በይ ጻፊ» አሏት ለፈይዛ፣ «የሰማሽውን ጻፊ። ይሄውልሽ ሰጠሁሽ።»

«እጽፋለሁ እማማ። አንድ ጊዜ ብቻ ይታገሱኝ።»

ጠልሐ ሁለት ጊዜ ደውሎ ነበር። አለፈችው። ስልኳ ላይ ወደ ታች ወርዳ የአባቷን ስም ነካች። ከግንቡ ጥግ አስናቀው «ሃሎ፣ ሃሎ፣ ይሰማል?» እያለ ይጮኻል። የእሷ ስልክ ቀድሞ ተነሳ።

«አሰላሙ አለይኩም አባ። ደርሻለሁ፣ አልሐምዱሊላህ። አባ፣ ይሄ ሰው ሁሉ የሚሰማው የገብስና የስንዴ ዘፈን የኔ ነው። ከሌላ ሰው ሳይሆን ከኔ አፍ ይስሙት ብዬ ነው።»