የሽማግሌው ጃርት የመጨረሻ ክፍል

ያርጋል ጉሮሮውን ጠርጎ "ኑ ልጆቼ፣ ቅረቡኝ" ሲል በሩ ተከፈተ። የሚስቱ እናት እማማ ይርገዱ ጥቁር ነጠላቸውን እንዳጣፉ ደፉ ላይ ቆመው ክፍሉን በዓይናቸው አሰሱት።

"ማነው የተናገረው?"

"እኔ ነኝ፣ እማማ።"

"የእሱን ድምፅ ሰማሁ።"

ያርጋል የሟች ባላቸውን ድምፅ ሲያስመስል ስለያዙት አፈረ። ደባርቅ ገበያው ዳር ፊልም ቤት አለው። ስለ አንድ የጃርት ቤተሰብ የተሠራ የውጭ የካርቱን ተከታታይ ፊልም ወደ አማርኛ እየመለሰ፣ ክፍል በክፍል በሲዲ ገልብጦ ይሸጣል። እስካሁን ሽማግሌውን ጃርት ሆነው የተናገሩት የሚስቱ አባት አቶ ደምለው ነበሩ። "ድንቼን ሲጨርስ ለኖረ አውሬ አፍ ልሁነው?" እያሉ ይስቁ ነበር። ሁለት ወር ሆናቸው ካረፉ። የመጨረሻው ክፍል ግን ቀርቷል፤ ነገ ደግሞ ቅዳሜ ነው፣ ከጃናሞራም ከዳባትም የሚመጣው ገበያተኛ "መጨረሻውን አምጣ" እያለ ነዝንዞታል። መብራቱም መቼ እንደሚሄድ አይታወቅም። ያርጋል ከጠዋት ጀምሮ አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶታል።

እማማ ይርገዱ ገብተው ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጡ። "እስኪ ድገመው።"

እያመነታ ደገመው።

"እንዲህ አይልም። ደምለው ሰው ሲጠራ መጀመሪያ ይሳደባል።"

"ምን ብለው?"

"'እናንት የማትረቡ፣ ምን ይገትራችኋል?' ይላል። 'ኑ ልጆቼ' የሚለው ከዚያ በኋላ ነው።"

እንዳሉት አድርጎ ተናገረ።

"እህ፣ አሁን እሱ ነው።"

ከዚያ ወዲያ ሥራው ቀና። እሳቸው ያርማሉ፣ እሱ ይናገራል። አንድ ቦታ ላይ እማማ ይርገዱ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ሳቁ። ከሐዘኑ ወዲህ ሲስቁ ሲያይ የመጀመሪያው ነበርና ያርጋል ደስ አለው፣ ፈራም።

ሽማግሌው ጃርት የሚሞትበት ቦታ ደረሱ። ጃርቱ ተጋድሞ ለልጅ ልጆቹ ረጅም ምክር ይመክራል።

"ይኸን ሁሉ ይናገራል?" አሉ። "የሚሞት ሰው ትንፋሹን ከየት ያመጣዋል?"

"እሳቸውስ ሲያርፉ ምን ብለው ነበር?"

ጥያቄው ካፉ እንደወጣ ተጸጸተ። እማማ ይርገዱ ዓይናቸውን ከጃርቱ አልነቀሉም።

"የተናገረው ለእኔ ነው። ለገበያ አይዶለም።"

ተነሥተው ወጡ። ያርጋል የአቶ ደምለውን ድምፅ አስመስሎ ምክሩን ቀድቶ አዳመጠው። የሰው ቤት ሰብሮ የገባ መሰለው፤ አጠፋው። በራሱ ድምፅም ሞከረ፤ እሱንም አጠፋው።

ሚስቱ ጽጌሬዳ የሲዲ ልባስ ይዛ ስትገባ የጃርቱ አፍ ይንቀሳቀሳል፣ የሚሰማ ነገር ግን የለም። ቆማ እስኪያልቅ አየችው።

"ድምፁ ጠፍቷል" አለች ቀስ ብላ።

"አልጠፋም፤ ትቼው ነው።"

"ሰዉ እኮ ሲዲው ተበላሽቷል ብሎ ይመልስብሃል።"

"ይመልስ" አለና የመጀመሪያውን ባዶ ሲዲ ማሽኑ ውስጥ ከተተ።