የይግዛው ኩል

የልጅቱን ዓይን እንዲህ ያደረገው ምንድን ነው? እማማ ወርቄ ከንጋት ጀምረው ይህችኑ ጥያቄ ይዘው ከጓዳ ደጅ፣ ከደጅ ጓዳ ይመላለሳሉ፤ መልሱን ግን ከየትም ሊያገኙት አልቻሉም።

የልጅ ልጃቸው ሶልያና መስኮቱ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጣ በእጅ መስታወት ፊቷን ትመረምራለች። ቀኝ ዓይኗ ደህና ነው። የግራው ቆብ ግን አብጦ ግማሹን ጋርዶታል፤ ነጩ ደም መስሏል፤ እንባው አልቆም ብሎ በጉንጯ ይወርዳል። በማለዳ ጤና ጣቢያ ሄደው ባለሙያዋ ዓይኗን በንጹሕ ውሃ አጥባ ጠብታ ሰጥታታለች። «በሁለት በሦስት ቀን ይለቅሻል» ብላታለች፤ «ግን ያስነካሽውን ነገር ደግመሽ እንዳታስነኪ።»

«ያቃጥልሻል?»

«ትንሽ።»

«ትንሽ ስንት ነው? ትንሽማ ቢሆን ሌሊቱን ሙሉ ስትገላበጪ ታድሪ ነበር?»

«እማማ፣ አንቺ ስትጨነቂ የበለጠ ያቃጥለኛል።»

እማማ ወርቄ ነጠላቸውን አጣፉ፣ ፈቱ፣ እንደገና አጣፉ።

ነገሩ የዓይን ብቻ ቢሆን ባልከፋ። የሶልያና እናት ዛሪማ ከተማ ሻይ ቤት ይዛ ነው የምትኖረው፤ ልጅቱን ደባርቅ አምጥታ ለእማማ ወርቄ የሰጠቻት በሰባት ዓመቷ፣ ለትምህርት ብላ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ውጤት አልመጣ ሲል ልጅቱ እጇን ወደ ቀለም መለሰች። መጀመሪያ የጎረቤት ልጆችን፣ ቀጥላ ተመራቂዎችን አሳመረች። እሑድ ደግሞ የመጀመሪያ ሙሽራዋን ልትይዝ ነው፤ የደርቤን ልጅ ሊድያን፣ ስሜን ተራራ ላይ፣ ጨነቅ ለሚሠራው አስጎብኚ ለሙሌ የምትዳረዋን። ሊድያ አምራ ከወጣች ከደባርቅ እስከ ዳባት ያለች ሙሽራ ሁሉ የሶልያናን በር ታንኳኳለች። ይህ ካልሆነስ? ዛሬ ሐሙስ ነው። የራሷ ዓይን ላበጠ ልጅ የልጁን ዓይን የሚሰጥ ማን አለ?

ሶልያና ደግሞ ሥራዋን የምታውቅ ልጅ ናት። «በራሴ ፊት ያልሞከርኩትን በሰው ፊት አላውልም» ትላለች። የእንጨት ሣጥኗ ውስጥ ሦስት ዓይነት ዕቃ አለ፦ መናኸሪያው አጠገብ ካለው ከይግዛው ሱቅ የምትገዛው ርካሽ፣ ጎንደር ወርዳ በስንት ወር ጥሪቷ ያመጣችው ውድ፣ እና ቤት የሚሠራው የአያቷ የድንጋይ ኩልና እንሶስላ። አንዱን በአንድ ጉንጭ፣ ሌላውን በሌላ ጉንጭ አድርጋ ትውልና ያሳከከውን፣ የደረቀውን፣ እስከ ማታ የቆየውን በደብተር ትጽፋለች።

ውዱን ይዛ የመጣች ቀን እማማ ወርቄ ጠርሙሱን አገላብጠው አይተው ጮኸው ነበር።

«ይቺን አውራ ጣት የምታክል? በዚያ ዋጋ? አንድ ሙክት ፊቴ ላይ ለቀለቅሁ በያ!»

«ሙክት አይደለም እማማ፣ ፋውንዴሽን ነው።»

«ሙክቱስ ቢሆን ይበላል!»

ልጅቱ ግን ቀብታ መስታወት ስታይ ጉንጯ ከምድጃ አመድ የወጣ መሰለ። መጀመሪያ ሳቀች፤ ከሳቋ በኋላ ተናደደች። «ይሄን ሲሠሩ እኛን መች አሰቡን? የስሜን ብርድና ፀሐይ ያጠየመው ፊት እንዳለ ማን ነገራቸው? ከዚህስ የይግዛው ይሻላል፤ እሱ ቢያንስ ጠይም ነው። ስሙ ትልቅ ስለሆነ ብቻ አላጨበጭብለትም! ርካሽ ሁሉ መጥፎ አይደለም እማማ፣ ውድም ሁሉ እውነተኛ አይደለም።»

እማማ ወርቄ በንግግሯ ደስ ብሏቸው ነበር፤ የይግዛው ስም እስኪነሣ ድረስ። ለእሳቸው ርካሽ ዕቃ ሌባ ነው። ማን እንደ በጠበጠው፣ በምን እንደ በጠበጠው አይታወቅም። የጫማ ቀለም ይሁን የዓይን ኩል በምን ይለያል? ልጅቱ ከይግዛው ሱቅ አዲስ የዱቄት ኩል በትንሽ የላስቲክ ብልቃጥ ገዝታ ስትገባ ደግሞ እንቅልፍ አጡ።

ስለዚህ ማክሰኞ ዕለት አንድ ነገር አደረጉ። ሶልያና ገበያ በወጣችበት ሣጥኗን ከፍተው የይግዛውን ኩል አመድ ላይ ደፉት፤ ብልቃጡን በጨርቅ ጠርገው እሳቸው የፈጩትን የድንጋይ ኩል ሞሉበት፤ ክዳኑን ገጥመው በቦታው መለሱት። የተረፈውን ኩል በራሳቸው የኩል ቀንድ ውስጥ ጨመሩት። ልጅቱ ርካሹን የሞከረች መስሏት የአያቷን ትኳላለች፤ ዓይኗ ይተርፋል፤ ማንም አይከፋም። ብልሃት መስሏቸው ለብቻቸው ፈገግ ብለው ነበር።

ረቡዕ ማታ ሶልያና ቀኝ ዓይኗን በውዱ የዓይን እርሳስ፣ ግራውን ከዚያ ብልቃጥ ተኳለች። ያበጠው ግራው ነው።

«ቅሪቱ ነው!» አሉ እማማ ወርቄ ድንገት። «የይግዛው መርዝ ከብልቃጡ አልለቀቀም!» የሚይዙት ነገር በማግኘታቸው ጭንቀታቸው ቁጣ ሆነ፤ ቁጣ ከጭንቀት ይሻላል፣ እግር አለው። ልጅቱ «የት ነሽ?» እስክትል ድረስ ብልቃጡን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው አስፋልቱን ተሻግረዋል።

ይግዛው ሁለት ሴቶች እያስተናገደ ነበር።

«እንዴት ዋሉ እማማ ወርቄ? ይግቡ እንጂ!»

«አልገባም! መርዝ ቤት አልገባም! የልጄን ዓይን አጠፋኸው፣ አንተ እግዜርን የማትፈራ!»

አንዷ ሴት የያዘችውን ሳሙና ቀስ ብላ ወደ መደርደሪያው መለሰች።

«ኧረ እማማ! የትኛው ዕቃዬ ነው?»

«ይኸው ኩልህ! ይኸው ጥላሸትህ!» ብልቃጡን ጠረጴዛው ላይ ጧ አድርገው አስቀመጡት።

«የኔም ሚስት ከዚሁ ካርቶን ነው የምትኳለው። ዓይኗ ምንም አልሆነም፤ እንዲያውም ኪሴ ውስጥ ያለውን ከሩቅ ታያለች።»

ሴቶቹ ሳቁ። የእማማ ወርቄ ደም ፈላ።

«ተሳለቅ! የድሃ ዕቃ ለድሃ እየሸጥህ ተሳለቅ! ለባለጸጋ ልጅ ቢሆን ይህን ትደፍር ነበር? ለእኛ ሲሆን ማን ይጠይቅሃል? ድሃ ዓይን የለው! ድሃ ቆዳ የለው! የወደቀ የተጣለው ሁሉ ለእኛ!»

የይግዛው ፊት ተለወጠ። «እርስዎ ጠየቁኝ አይደል? እመልሳለሁ።» ከካርቶኑ አዲስ ብልቃጥ አውጥቶ በእጁ ጀርባ ላይ አንድ መስመር አሰመረ። ከእማማ ወርቄ ብልቃጥ ደግሞ ከጎኑ ሌላ አሰመረና እጁን ወደ ብርሃን አወጣ። የመጀመሪያው እንደ ከሰል ድፍን ጥቁር ነው። ሁለተኛው እንደ ተሳለ ቢላዋ ብልጭ ብልጭ ይላል።

ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ይሄ የኔ አይደለም እማማ። የድንጋይ ኩል ነው። እናቴ በየዳ ወረዳ ሳለች ትፈጭ ነበር፤ አውቀዋለሁ። ማን እንደ ቀየረው ደግሞ አልጠይቅም።»

ቢጮህባቸው ይሻላቸው ነበር። «የድንጋይ ኩል ሰው ጎድቶ አያውቅም!» ብለው እሳቸው ጮኹ፤ ብልቃጡን ነጥቀው ወጡ።

በመንገድ ላይ ለራሳቸው ይሟገታሉ። እናታቸው ተኩላበታለች። አያታቸው እስከ ሰማንያ ዓመቷ መርፌ ላይ ክር ስትሰካ የኖረችው በዚሁ ኩል ነው። እሳቸውም ለመሪጌታ ሰይፈ ሥላሴ ሲዳሩ ሌላ ቀለም አልነካቸውም። ታዲያ የኔ ኩል? የኔ? ይኼ ባለሱቅ ምን ያውቃል!

የአጥሩን በር ሲገፉ ነው ድንጋዩ ትዝ ያላቸው።

ሁልጊዜ ኩል የሚፈጩበት ልዝብ ድንጋይ አለ፤ እሱ ግን ከሶልያና አልጋ ሥር፣ ከዕቃ ኋላ ነው። ማክሰኞ ዕለት ልጅቱ ሳትመለስ ለመጨረስ ቸኩለው ጓሮ ያለውን ሌላውን ድንጋይ ተጠቀሙ። ለጥምቀት ነጠላና ቀሚስ ሊያጥቡ እንዶድ የወቀጡበትን። በእርግጥ ጠርገውታል። ግን በደረቅ ጨርቅ ነው፤ እናታቸው እንዳስተማረቻቸው። ኩል ውሃ አይወድም፤ የኩል ድንጋይ ውሃ ከነካው ዱቄቱ ይጓጉላል ይባላል፤ በእሳቸው ቤት የኩል ድንጋይ ታጥቦ አያውቅም።

«ንጹሕ ነው» አሉ። «አሁን አሳየዋለሁ።» ማንን እንደሚያሳዩ እንጃ። በጣሳ ውሃ ይዘው ጓሮ ዞሩና ድንጋዩ ላይ አፈሰሱ። በመዳፋቸው አሹት።

ከድንጋዩ ቀዳዳዎች ነጭ አረፋ ወጣ። ደግመው አሹት፤ እንደ አዲስ ሳሙና ኩፍ አለ። እማማ ወርቄ እጃቸውን አንሥተው አዩት። እንዶድ ሲወቅጡ ብናኙ ጉሮሯቸውንና ዓይናቸውን እንዳይለበልብ አፍንጫቸውን በሻሽ አስረው ፊታቸውን የሚያዞሩ እሳቸው ናቸው።

ቤት ሲገቡ የሊድያ እናት ደርቤ ተቀምጣለች። ሶልያና ደብተሯን ይዛ ፊት ለፊቷ ቆማለች።

«ጠልቼሽ አይደለም ልጄ» ትላለች ደርቤ። «ግን ራስሽን እንዲህ አድርገሽ ልጄን ባንቺ እጅ እንዴት ልስጥ? ዘመድ አዝማድ የሚያየው ፊት ነው። ከጎንደር የሚሠራ ሰው ልናስመጣ ነው።»

«እትዬ ደርቤ፣ እኔ የምሞክረው ለዚሁ ነው። ይሄ በሊድያ ዓይን ቢሆን ይሻል ነበር?» ሶልያና አልለመነችም። «የይግዛውን ኩል ሊድያ ላይ አላደርግም። ይኸው ጽፌዋለሁ። እሷን የምኩላት በአያቴ ኩል ነው።» ደብተሩን ገልጣ ጣቷን አስቀመጠች። «ይኸው፦ የእማማ የድንጋይ ኩል፣ ሳልሞክረው የማምነው።»

ከመስኮቱ ደፍ ላይ የእማማ ወርቄን የኩል ቀንድ አንሥታ ለደርቤ ዘረጋች።

እማማ ወርቄ በር ላይ እንደ ቆሙ እጃቸው እርጥብ ነው። ዝም ቢሉ ደርቤ ታምን ይሆናል፤ ሥራውም ይተርፋል። ከዚያ እሑድ ያ ቀንድ ይከፈታል።

«አስቀምጪው» አሉ።

«እማማ?»

«አስቀምጪው አልኩሽ! የይግዛው አይደለም። የኔ ነው። ብልቃጡን የቀየርሁት እኔ ነኝ። እንዶድ በወቀጥሁበት ድንጋይ ፈጭቼ የሞላሁትም እኔ ነኝ። ቀንዱም ውስጥ ያለው ያው ነው።»

መጀመሪያ የተናገረችው ደርቤ ናት።

«እንዶድ? ለዓይን?» አፏን በነጠላዋ ያዘች። «እማማ ወርቄ፣ የልጅቱ ዓይን ነጠላ መሰለዎት እንዴ?»

ማንም አልሳቀም። ደርቤ ተነሥታ የሶልያናን ትከሻ ነካ አደረገች። «እንግዲያ እጅሽ ጥፋት የለበትም። ጎንደር መደወሉ ይቅር። እሑድ ሳይነጋ ነይ። ደብተርሽንም ይዘሽ ነይ። ከዚህ ቤት የወጣ ኩል ግን እንዳላይ።» ወደ እማማ ወርቄ ዞራ «ደህና ይዋሉ» አለችና ሄደች።

ሶልያና በርጩማው ላይ ተቀመጠች። እስክሪብቶ አወጣች። ስለ ይግዛው የጻፈችውን በአንድ መስመር ሰረዘች። ቀጥላ ሌላውን መስመር ሰረዘች፤ እማማ ወርቄ ስድስተኛ ክፍል የደረሱ ሴት ናቸው፣ የትኛው መስመር እንደ ሆነ ከቆሙበት ለማንበብ አላቃታቸውም።

«ምን ላድርግ ታዲያ?» አሉ። «ለማን ብዬ ነው? ለራሴ ነው? ዓይንሽ እንዳይጠፋ ብዬ ነው! አላምንም፣ አዎ፣ የማይታወቅ ዕቃ አላምንም! ሰው የልጁን ሣጥን ቢከፍት እንደ ሌባ ነው? በእኔ ቤት? የሰባት ዓመት ልጅ ሆነሽ ያመጡልኝ ቀን ዓይንሽን ማን ነበር የሚያጥብልሽ?»

ሶልያና በነጠላቸው ጫፍ የተቋጠረውን ብልቃጥ ፈትታ ወስዳ ጨርቅ ውስጥ ጠቀለለችው። እርሳሱን፣ ፓውደሩን፣ ብሩሾቹን አንድ በአንድ ሣጥኑ ውስጥ ደረደረች። ያ ሣጥን ክዳኑ ታስሮ የማያውቅ፣ እማማ ወርቄ ትርፍ ነጠላቸውን ሳይቀር የሚያስቀምጡበት ነበር። አሁን ውስጡ የነበረውን ነጠላ አጥፋ አልጋው ላይ አኖረችው። ክዳኑን ገጠመችና በገመድ ሁለት ዙር አሰረችው።

«ይግዛውንም ሰድቤዋለሁ» አሉ እማማ ወርቄ፣ ድምፃቸው እየወረደ። «ሰው ፊት ነው የሰደብሁት። ነገ ሄጄ... አንቺ፣ ተናገሪ እንጂ! ተቆጪኝ! ስደቢኝ! ሣጥኑን የት ነው የምትወስጂው? በዚህ ዓይንሽ ነፋስ ላይ?»

ሶልያና ሻሿን እስከ ግራ ዓይኗ ዝቅ አድርጋ አሰረች። የኩሉን ቀንድ አንሥታ አያቷ ባሰፉላት ቀሚስ ኪስ ልትከት ከጀለች፤ ተወችና መስኮቱ ደፍ ላይ መለሰችው። ሣጥኑን በብብቷ ያዘች። በእማማ ወርቄ አጠገብ፣ እንዳትነካቸው ጎኗን ሰብስባ አለፈችና፣ አንዲት ቃል ሳትተነፍስ ወጣች።