ልምምድ በነጋዴው ቤት

«እናትሽ ማን ናት?»

«እትዬ ሸዋነሽ።»

«እትዬ አይባልም አልኩሽ። እናቱን እትዬ የሚል ማን ነው?» አለች ውብነሽ።

አውቶቡሱ ከሳልሚያ ሰፈር ተነስቶ በባሕሩ ዳር ወደ መሐል ከተማ ይሄዳል። የአምስት ዓመቷ ረድኤት በውብነሽና በሸዋነሽ መሐል ተቀምጣ፣ የሰፋትን ማስክ በጣቷ እየሳበች ታስባለች።

«እማዬ ሸዋነሽ፤» አለች በመጨረሻ።

«ጎሽ! ሳላምጥ ወለድኩ፤» አለች ሸዋነሽ። «በዚህ ዕድሜዬ! የሰፈሬ ሰው ጉድ ነው የሚለው።»

ውብነሽ አልሳቀችም።

ሸዋነሽ የምትሠራበት የሴቶች ፀጉር ቤት በኮሮና ምክንያት ለሁለተኛ ጊዜ ሲዘጋ፣ ከዓረብ አገር ወጥታ አገሯ ለመግባት ወሰነች። በረራዋ እሁድ ነው። የውብነሽን ልጅ ረድኤትን «ልጄ ናት» ብላ የጉዞ ወረቀት አውጥታላታለች። ውብነሽ ግን መሄድ አትችልም። ባያን በሚባለው ሰፈር ትታት የወጣችው አሠሪዋ ማዳም ወርቅ ሰረቀችኝ ብላ ከስሳታለች፤ ውብነሽ በእጇ ነክታው የማታውቀውን ወርቅ። አንድ ፖሊስ መታወቂያ ከጠየቃት ትታሰራለች፤ ያኔ ልጅቷን ማን እንደሚወስዳት አይታወቅም። ስለዚህ ረድኤት ኤርፖርት ላይ፣ ዩኒፎርም በለበሰ ሰው ፊት፣ ሸዋነሽን «እናቴ» ማለት አለባት። ዛሬ ሙዚየም ወደሆነ አንድ የጥንት ነጋዴ ቤት የሚወስዷትም ለዚሁ ነው። ጎብኚ ሁሉ በነጻ ይገባበታል፤ በሩ ላይ ደግሞ ዩኒፎርም ለብሶ የግንባር ሙቀት የሚለካ ዘበኛ አለ።

ዘበኛው ሸምገል ያለ ግብፃዊ ነበር። ሽጉጥ የሚመስለውን መለኪያ ወደ ግንባሯ ሲያስጠጋ ረድኤት የውብነሽን ዓባያ ቀሚስ ጨብጣ ዓይኗን ጨፈነች።

«አይዞሽ፣ ጥይት የለውም፤» አላት በዓረብኛ። «እናትሽ የትኛዋ ናት?»

ረድኤት ዓረብኛ ከሁለቱም የተሻለ ትችላለች። አሁን ግን ድምጿ አልወጣም።

«የእኔ ናት፤» አለች ሸዋነሽ ፈጠን ብላ። «ይቺ እህቴ ናት። ልጅቷ ከአክስቷ አትላቀቅም።»

ሰውዬው ስቆ አሳለፋቸው።

ቤቱ ሰፊ ነው። በኖራ የተለሰኑት ክፍሎች ሁሉ ወደ መሐል ግቢው ይከፈታሉ፤ ጣሪያቸው ከባሕር ማዶ በመርከብ በመጣ እንጨት ተረብርቧል። ረድኤት በየደጃፉ ጫማዋን ልታወልቅ ትጎነበሳለች።

«የማዳም ቤት ነው?»

«ማዳሟ ከሞተች ቆይታለች፤ እንደ ልብሽ ርገጪው፤» አለች ሸዋነሽ። ልጅቷ ራመድ ስትል ወደ ውብነሽ ዞረች። «ኤርፖርትም እንዲህ አፏ ከተዘጋ አለቀልን። አንቺ ባትመጪ ይሻል ነበር፣ ውቤ። አንቺን እያየች እኔን እንዴት እናቴ ትበል?»

«ብቻዋን ልስደዳት?»

«እሁድስ ምን ልታደርጊ ነው?»

ይሄኔ ዘበኛው ከበሩ ላይ ጮክ ብሎ የመዝጊያ ሰዓት መድረሱን ተናገረ። ሁለቱም ዞሩ። ረድኤት የለችም።

የሆነው ነገር ውብነሽ ወዲያው ገባት። ሳልሚያ ባለው ክፍላቸው የወንድ ድምፅ ከተሰማ ልጅቷ አልጋ ሥር ትገባለች። እንዳታስል፣ ከእናቷ በቀር በማንም ጥሪ እንዳትወጣ ያስተማረቻት ራሷ ናት። እዚህ ግን ክፍሉ ብዙ ነው፤ የትኛው አልጋ ሥር፣ የትኛው ሳጥን ጀርባ?

«አንቺ ጥሪያት፤» አለቻት ሸዋነሽን። «ላንቺ መውጣት መልመድ አለባት።»

«ረድኤት! ነይ የኔ ቆንጆ!»

መልስ የለም።

«ማሚዬ፣ እናትሽ ነኝ እኮ!»

ዘበኛው ቁልፉን ይዞ መጣ። «ልጅቷስ?»

«ተደብቃ ነው። ጨዋታ ትወዳለች።»

«እናቷ አይደለሽ እንዴ? ጥሪያት!»

ሸዋነሽ ደጋግማ ጠራች፤ ልጅቷ ግን አልወጣችም። ዘበኛው አንዴ እሷን አንዴ ውብነሽን አየ። ፈገግታው ጠፋ።

«ልጅ ውስጥ ትቼ በር አልቆልፍም። የእናቷን ድምፅ የማታውቅ ልጅ ደግሞ አይቼ አላውቅም፤» አለና ስልኩን አወጣ። «ፖሊስ ይምጣና ይፈልጋት።»

ውብነሽ ወደ ክፍሎቹ ዞረች። ዝም ካለች ፖሊስ ይመጣል። ከጠራቻት ልጅቷ «እማዬ» እያለች ሮጣ ትጠመጠምባታለች፤ ያኔም ሰውዬው መደወሉ አይቀርም።

«ረድኤት፤» አለች፣ በራቸውን ዘግታ እንደምትጠራት፣ በለሆሳስ። «ውጪ። እናትሽ ሸዋነሽ እየጠራችሽ ነው።»

ከማዕዘኑ ክፍል ኮሽታ ተሰማ። ረድኤት ጉልበቷ አቧራ ለብሶ ብቅ አለች። እየሮጠች ወደ ውብነሽ መጣች፤ ልትደርስባት ትንሽ ሲቀራት ቆመች። የዘበኛውን ዩኒፎርም አየች። ከዚያ ውብነሽን አልፋ ሄዳ የሸዋነሽን እጅ ያዘች።

«ማማ፣» አለቻት በዓረብኛ፣ «ወደ ቤት እንሂድ።»

ዘበኛው በረጅሙ ተነፈሰ። «ልጅሽን ጠብቂ እንጂ!» ብሎ ሸዋነሽን ተቆጣት። «አክስቷ ባትኖር ምን ልትሆኚ ነበር?»

አውቶቡስ የሚጠብቁበት ቦታ ላይ ሌላ ሰው አልነበረም። ውብነሽ አስፋልቱ ዳር ተንበርክካ ማስኳን ወደ አገጯ አወረደች፤ ክንዶቿን ዘረጋች።

«አሁን ማንም አያየንም። ነይ እቀፊኝ።»

ረድኤት ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። የሚያልፉትን መኪናዎች አየች፤ ቀና ብላም ሸዋነሽን አየቻት።

«ልሂድ?» ብላ ጠየቀቻት።

ቀኑን ሙሉ ቀልድ ያላጣችው ሸዋነሽ ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች።

«ጎበዝ፤» አለች ውብነሽ፣ ክንዶቿ እንደተዘረጉ። «ኤርፖርትም ልክ እንደዚህ።»