አንድ ቃል ያጣላቸው ባልና ሚስት

በፈረንጆቹ 2014 ሎውሪ የሚባል ሰፈር ውስጥ ሁለት ሕንዳውያን አዛውንት ባልና ሚስት ቤት ሆም ኬር፣ ማለትም አረጋውያንንና በሽተኞችን ቤታቸው መንከባከብ፣ እሠራ ነበር። ፕሮፌሰር ቪማል ዕድሜያቸውን ሙሉ የቡድሃን ፍልስፍና ያስተማሩ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው ሻርዳ ደግሞ በሂንዲ ግጥም ይጽፋሉ። በትዳር አምሳ አንድ ዓመት ኖረዋል፤ አምሳ አንዱንም ዓመት ሲከራከሩ የኖሩ ይመስለኛል።

ያን ዓመት የሻርዳ ዓይን ጨርሶ ጠፋ። እሳቸው በቃል ይናገራሉ፣ ፕሮፌሰሩ ይጽፋሉ። ጠባቸው ሁሌ በአንድ ቃል ነው፤ «አትማ»፣ ነፍስ ማለት ነው። ሲጣሉ ደግሞ እኔ እንድፈርድ ብለው በእንግሊዝኛ ነው።

«ቡድሃ እንዳስተማረው ነፍስ የሚባል ነገር የለም» ይላሉ ፕሮፌሰሩ እስክሪብቷቸውን አስቀምጠው።

«ግጥሙ የኔ ነው፣ ጻፍ!»

«የሌለ ነገር አልጽፍም።»

«ሠርካዲስ፣ እባክሽ ይሄን ሰውዬ ንገሪልኝ!»

ምን ብዬ ልንገራቸው? እሑድ እሑድ የማስቀድስ ሰው ነኝ፤ ነፍስ የለም ሲሉኝ ደሜ ይፈላል። ግን አስር ሰዓት ላይ ቶርንተን ከተማ ሌላ በሽተኛ ይጠብቀኛል። «ፕሮፌሰር፣ በቃ ይጻፉላቸውና ገላዎን ልጠብዎት» እላለሁ።

አንድ ቀን ፕሮፌሰሩ ሳይከራከሩ መጻፍ ጀመሩ። ወር ሙሉ ቤቱ ሰላም ሆነ። ተመስገን አልኩ።

ከዚያ ግጥሞቹን ለመጽሐፍ የምትተይበው የሻርዳ የእህት ልጅ ከዴልሂ ደወለች። ስልኩን ስፒከር ላይ አደረግኩት፤ ታነብላቸው ጀመር። ሻርዳ ፈገግ ብለው ሲሰሙ ቆዩና ፊታቸው ተለወጠ። ደግመው አስነበቧት። ኋላ በእንግሊዝኛ እንደነገሩኝ፣ እሳቸው ነፍስ ባሉበት ሁሉ ፕሮፌሰሩ «ትንፋሽ» ብለው ጽፈዋል። በሠላሳ ሁለት ግጥም! መልሰው ሲያነቡላቸው ግን «ነፍስ» እያሉ ነበር።

ሻርዳ አልጮኹም። «ዓይኔ አንተ ነበርክ» ብቻ አሉ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት በኔ በኩል ነው የተነጋገሩት።

«ጨው ያቀብለኝ በይው።»

«ጨው ለደም ግፊቷ ጥሩ አይደለም በያት።»

በመካከላቸው ያለው አንዲት ትንሽ ጠረጴዛ ናት! በመጨረሻ አቃተኝ።

«ፕሮፌሰር» አልኩ፣ «ስለ ነፍስ ከእርስዎ ጋር አልከራከርም። ግን ማየት የማይችሉትን ሚስትዎን አታለዋል። ይሄ በየትኛው ፍልስፍና ነው የሚፈቀደው?»

መባረሬ ነው ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን ተነሥተው ደብተሩን አመጡ። ሠላሳ ሁለቱንም ግጥም እንደገና ለመጻፍ አራት ቀን ፈጀባቸው። ሻርዳ ግን አላመኗቸውም፤ እያንዳንዱን ገጽ በስልኬ ፎቶ አንሥቼ ዴልሂ ልኬ፣ ልጅቷ አንብባላቸው ነው የተቀበሉት።

ሥራው ሲያልቅ ፕሮፌሰሩ ወደኔ ዞሩ። «መጽሐፉ መጨረሻ ላይ ስለዚያ ቃል አጭር ማብራሪያ ልጨምር? ግማሽ ገጽ ብቻ። ጠይቂልኝ።»

«አፍ የለውም እንዴ? ራሱ ይጠይቀኝ!» አሉ ሻርዳ።

ፕሮፌሰሩ ወንበራቸውን አስጠግተው በሂንዲ ጠየቋቸው። አንድም ቃል አልገባኝም። ሻርዳ መጀመሪያ ተቆጡ፣ ቀጥሎ ሳቁ፣ ከዚያ እሺ አሉ።

መጽሐፉ በዓመቱ ታተመ። ግማሽ ገጽ የተባለው ማብራሪያ ዘጠኝ ገጽ ሆኖ ወጣ፤ ሻርዳም ዘጠኙንም እየተናደዱ ሁለት ጊዜ አስነበቡት።